ምዕራፍ ሰባት፦ መስፈሪያ የሌለው ገበታ

በሦስተኛው ምዕራፍ ረኃብና ጥጋብ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠሩ፣ በስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ አንድ ቤተሰብ በራሱ ወጥ ቤት የሚበላውን በልክ ለማድረግ የሚረዱት ልማዶች የትኞቹ እንደሆኑ ተብራርቷል። እነዚያን ልማዶች በቤቱ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ለወራት የጸናው ልክ ከቤት ውጭ በሚበላ አንድ ምሳ ለምን ይጠፋል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ተመጋቢው ራሱን መግዛት አቃተው የሚል ሲሆን፣ መልሱ ሰውን ከማሸማቀቅ በቀር የሚያስተምረው ነገር ስለሌለ በዚህ ምዕራፍ ተቀባይነት የለውም። እዚህ የሚቀርበው ማብራሪያ፣ ወደ ምግብ ቤት የሚገባው ያው በቤቱ በልክ ይበላ የነበረው ሰው እንደሆነና የጎደለው በቤቱ ይለካለት የነበረው መስፈሪያ እንደሆነ የሚያሳይ ነው፤ ያም መስፈሪያ ተመልሶ የሚገኘው እጅ ወደ ትሪው ከመዘርጋቱ በፊት፣ ምግብ በሚታዘዝባት አጭር ሰዓት ነው።

ሐሳቡን ለማስረዳት ሰሜን ሸዋ ተመርጧል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና የቢራ ፋብሪካዎች ስለተከፈቱባት ምሳቸውን ከቤት ውጭ የሚበሉ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና መንገደኞች የሚበዙባት ሆናለች። ከእርሷ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ የግብርም ስፍራ ነበረች፤ ስለዚህ ምግብ በገፍ በሚቀርብበት ቦታ ልክ በማን እጅ እንደነበረ ለማየት ትረዳለች።

ወደ ጉዳዩ ከመገባቱ በፊት ግን ሊታለፍ የማይገባው እውነት አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ መቀንጨር ማለት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ለረጅም ጊዜ ካለማግኘትና ከተደጋጋሚ ሕመም የተነሣ ቁመት ለዕድሜ ከሚጠበቀው በታች መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃንም ብትሆን በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ያስጠለለች ከተማ ናት። በዚህ ምዕራፍ የሚነገረው ምግብ ለጎደለበት ሰው አይደለም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ጭማሪ እንጂ ልክ አይደለም። ያው ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ማደጋቸውንና ችግሩ በከተሞች የጎላ መሆኑን ጭምር አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ በመሆናቸው ስለ አንዱ መጻፍ ሌላውን መርሳት ሊሆን አይገባም።

ጎተራና ቁና

ጎተራ የገባ ገብስ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው በቁና እየተሰፈረ ሲሆን፣ የቤቱ እመቤት ለሳምንቱ እንጀራ፣ ቆሎና በሶ የሚበቃውን ቆጥራ ታወጣለች፤ ስንት ቁና እንደወጣ ስለምታውቅም እህሉ እስከ መጪው መኸር ያደርስ እንደሆነ በማንኛውም ቀን መናገር ትችላለች። ሁለተኛው በእጅ እየተዘገነ የሚወጣው ነው፤ ለቆሎ አንድ እፍኝ፣ ለዶሮዎች አንድ እፍኝ፣ ለመጣ እንግዳ ሁለት እፍኝ እየተባለ ሲወጣ እያንዳንዱ እፍኝ ትንሽ በመሆኑ ማንም ልብ አይለውም፤ የጎተራው መጉደል የሚታወቀውም ክንድ እስከ ብብት ጠልቆ ሲፈልግ ነው። ከዘጋኞቹ መካከል ስግብግብ የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት፣ ምክንያቱም በቂ ነበር። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እህሉ ሲወጣ በመስፈሪያ አላለፈም።

በምግብ ቤት ትሪ ዙሪያ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ጉራሽ ትንሽ ነው፤ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሶ፣ ከወጡ ጠቅሶ ወደ አፍ ማድረስ ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ይወስዳል፤ ከአርባና ከሃምሳ ጉራሽ በኋላ ግን ስንት እንደተበላ ተመጋቢውም፣ አብረውት የተቀመጡትም፣ አስተናጋጁም ሊናገሩ አይችሉም፤ ምክንያቱም ትሪው የጋራ ነው፣ እንጀራው ከሥር እየተጨመረ ነው፣ ወጡም ከመሀል እየተወሰደ ነው። በተናጠል ሳህን የሚበላ ሰው ቢያንስ የሳህኑ ባዶ መሆን ይነግረዋል፤ ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው ግን የራሱ የሆነ የሚያልቅ ነገር የለውም። ምሳሌው የሚያስተምረው ዋና ነገር ደግሞ ቁናው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ እህሉ ከጎተራው ሲወጣ ካልተሰፈረ በኋላ ሊሰፈር አይችልም፤ ምግብም ከወጥ ቤቱ ወጥቶ ትሪው ላይ ካረፈ በኋላ መለካት ከሞላ ጎደል የማይቻል ይሆናል።

ሰፋሪ የነበረባቸው ማዕዶች

በቤት ውስጥ የቁናውን ሥራ የሚሠሩት ነገሮች የተለመዱ በመሆናቸው አይስተዋሉም። ዶሮ ወጥ ከሁሉም ግልጹ ነው፤ አንዲት ዶሮ በባህሉ 12 ብልት ስለሚወጣትና ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ብልቱና እንቁላሉ ተቆጥሮ ስለሚቀርብ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት የታወቀ ነው። በዘወትሩም ቀን ወጡን በጭልፋ እያወጣች እንጀራው ላይ የምታሳርፈው እመቤት ከምሳው ለእራት መትረፍ ያለበትን፣ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ለሚመጣው ልጅ መቀመጥ ያለበትን አስባ ነው የምታወጣው። ይህ ስሌት ለጤና ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ድስቱ ሁሉንም እንዲያዳርስ የተደረገ ነው፤ ውጤቱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ልክ ሆኖ ይደርሰዋል።

የሚገርመው በታላላቆቹ ግብሮችም መስፈሪያ ያልጠፋ መሆኑ ነው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በአንኮበር ይኖሩ በነበረበት ጊዜ፣ ግብር የቤተ መንግሥት ሕይወት ዋና ክፍል ነበር። የግብሩ ሥርዓት መብሉ የበዛ ቢሆንም በሰዎች እጅ የሚያልፍ ነበር፤ አጋፋሪው ማን መቼ እንደሚገባ፣ አሳላፊው ለማን ምን እንደሚቀርብ ያውቁ ነበር፤ የታረደው በሬ ሻኛ፣ ሽንጥ፣ ፍሪምባና ጎድንም እንደየማዕረጉ የሚሰጥ እንጂ የደረሰ ሁሉ የሚያነሣው አልነበረም። ያ ልክ የክብርና የሹመት ልክ እንጂ የጤና ልክ እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ በግብር ላይ ጠግቦና ሰክሮ የወጣም ብዙ ነው። ቢሆንም የማዕዱን መጠን በዓይኑ የሚጠብቅ፣ ሲበዛ የሚያቆም፣ ሲያንስ የሚጨምር ባለሥራ ነበረ።

ዛሬ በደብረ ብርሃን አውራ ጎዳና ዳር ባለ ምግብ ቤት ይህ ሥራ የማንም አይደለም። ወጥ ሠሪዋ የምታወጣው በዋጋው የተወሰነውን ነው፤ አስተናጋጁ እንጀራ የሚጨምረው ደንበኛው ቅር እንዳይለው ነው፤ የሚጋብዘው ሰው የሚያዝዘው እንግዳውን ለማክበር ነው፤ እንግዳው የሚበላው ጋባዡን ደስ ለማሰኘት ነው። አራቱም ሥራቸውን በቅንነት እየሠሩ ነው፤ ሰፋሪው ግን ከመካከላቸው የለም።

ሆድ ዘግይቶ ይናገራል

እዚህ ላይ ተመጋቢው የራሱን ሆድ ቢያዳምጥ አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በሦስተኛው ምዕራፍ እንደተገለጸው ጨጓራ ሲወጠር ስሜቱ ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ምግቡ ወደ አንጀት ሲያልፍም አንጀት «በቃ» የሚሉ ሆርሞኖችን፣ ማለትም በደም ውስጥ እየተጓዙ መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የጥጋብ ስሜት እስኪሆን ድረስ በግምት 20 ደቂቃ ያህል እንደሚወስድ ይነገራል። ቀስ ብሎ ለሚበላ ሰው መዘግየቱ ችግር የለውም፤ በፍጥነት ለሚበላ ሰው ግን መልእክቱ የሚደርሰው ትሪው ከተነሣ በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ቁርሱን ደብረ ብርሃን ላይ ሲበላ ይህን መዘግየት በግልጽ ማየት ይቻላል። ሾፌሩ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ደጋው ይበርዳል፣ ቀጣዩ ማረፊያ ደግሞ ሩቅ ይመስላል፤ ስለዚህ መንገደኛው ቋንጣ ፍርፍሩን ወይም እንቁላል ፍርፍሩን በዐሥር ደቂቃ ጨርሶ፣ አሁንም እንዳልጠገበ ስለሚሰማው ዳቦ ያስጨምራል፤ ጥጋቡ የሚደርስበት ግን ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ሲጀምር፣ በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ በማቅለሽለሽ መልክ ነው። ይህ መንገደኛ ስግብግብ አይደለም፤ ገና ያልደረሰ መልእክት እየጠበቀ በላ እንጂ።

ሁለተኛው የሆድ ድክመት ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ነው፤ ጨጓራ በዋናነት የሚለካው ስፋትን እንጂ ጉልበትን አይደለም። ጉልበት ሲባል ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል ሲሆን የሚለካውም በካሎሪ ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም አንድ ግራም ስታርች 4 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ በመሆኑ ብዙ ስፍራ ይዞ ጨጓራን ይወጥራል፤ የነጠረ ቅቤ ግን ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 900 ካሎሪ ይጠጋል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ካሎሪ ያህል ይዞ ሲመጣ በሆድ ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ከምንም አይቆጠርም። በመሆኑም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ሽሮ ሆድ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆነው ይሰማሉ። ወደ ፊት እንደሚታየው ይህ ነጥብ «ስፔሻል» ተብሎ ለሚታዘዝ ምግብ ትልቅ ትርጉም አለው።

ትሪው ሲሰፋ፣ ወዳጅ ሲበዛ

ሆድ ካልተናገረ ሰው የሚመራው በዓይኑ ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ምግብ ለተመሳሳይ ሰዎች በተለያየ ቀን በተለያየ መጠን ሲቀርብ፣ ትልቁ መጠን በቀረበላቸው ቀን ከትንሹ ይልቅ 30 በመቶ የበለጠ ጉልበት የያዘ ምግብ በልተው ተገኝተዋል። ረኃባቸው በዚያ ልክ አልጨመረም፤ የጨመረው ከፊታቸው የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ተቋም 72 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይም የቀረበው መጠን ሲጨምር የሚበላው መጠን እንደሚጨምር አረጋግጧል።

በዚህ መስክ የተነገረ ሁሉ ግን እኩል አይታመንም። ትናንሽ ሳህኖችን መጠቀምና ሌሎች የዓይን ማታለያዎች ተአምር እንደሚሠሩ በሰፊው ያስተማረው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ፣ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2018 የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት እንደፈጸመ ያረጋገጠበት ሲሆን ብዙ ጽሑፎቹም ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። ስለዚህ በጤና ገጾች ላይ «ሳህንህን አሳንስ» ብቻ የሚል ምክር የሚያነብ ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል፤ የጋራ ትሪ በሚቀርብበት አገር ደግሞ ምክሩ ከመነሻውም ቦታ የለውም።

ከዓይን ቀጥሎ የሚመጣው ወዳጅ ነው። ጆን ደ ካስትሮ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የሚበሉትን በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ ከሌሎች ጋር የተበላ ምግብ ለብቻ ከተበላው በአማካይ 44 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። አንዱ ምክንያት ጨዋታ ማዕዱን ማስረዘሙ ነው፤ የተቀመጠ ሰው እጁ ከትሪው አይርቅምና። ለብቻ መብላት እንደ ነውር በሚታይበት አገር ይህ ግኝት ወዳጅን ስለመራቅ የሚመክር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። አብሮ መብላት ራሱ ትልቅ የጤና በረከት እንደሆነ በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ጾምና ስለ ማኅበር ሲነገር ተነሥቷል። ግኝቱ የሚያስረዳው በወዳጅ መካከል ሳሉ ራስን መጠበቅ ከባድ መሆኑን ነው፤ ከባድ የሆነውንም ነገር ቀላል በሆነበት ሰዓት አስቀድሞ መጨረስ ብልህነት ነው። ያ ሰዓት ትእዛዝ ነው።

ቁናውን ወደ ትእዛዙ ማምጣት

በትእዛዝ ሰዓት ገና ምንም አልሸተተም፣ ማንም አላጎረሰም፣ የተቆረሰ እንጀራ የለም። ውሳኔውም አንድ ነው፤ አርባና ሃምሳ ጊዜ «ልብላ ወይስ ላቁም» ከማለት አንድ ጊዜ «ምን ያህል ይምጣ» ማለት በብዙ ይቀላል። ልማዱን ማጽናት የሚቻለውም የውሳኔዎቹን ቁጥር በመቀነስ ነው።

መስፈሪያው ሙሉ ለሙሉ ያልጠፋበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ብዙ ሰው የልክ ማጣት ማሳያ አድርጎ የሚያየው ሥጋ ቤት ነው። በሥጋ ቤት ሚዛን አለ፤ «ግማሽ ኪሎ ጥብስ» ወይም «ሩብ ኪሎ ጥሬ» ሲባል ሥጋው ከደንበኛው ፊት ይመዘናል፤ ይህም ማለት ቁናው ጎተራው በር ላይ እንደቆመ ነው። ችግሩ ሚዛኑ ላይ የሚጠራው ቁጥር በስንት ሰው እንደሚካፈል ሳይታሰብ መጠራቱ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ከ700 እስከ 750 ግራም ጥሬ ሥጋ ያህል ነው። በዚህ ስሌት ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ለብቻው የጨረሰ ሰው የሳምንቱን ጣሪያ ሁለት ሦስተኛ ገደማ በአንድ ቀትር በልቷል ማለት ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የበግ ጥብስና አንድ የጾም በየዓይነቱ ቢታዘዝ ግን ለእያንዳንዱ 125 ግራም ጥሬ ሥጋ፣ ከዚያም በላይ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ይደርሰዋል፤ ትሪውም የሞላ ሆኖ ይታያል። ይህ ጥምረት በደጋው ከተማ እንደ ልብ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ለኪስ የሚቀል በመሆኑ የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመክረው ነው።

ሚዛን በሌለበት ምግብ ቤት ቁናው የሰው ቁጥር ይሆናል። አራት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ አራት ምግብ እንዲያዝዝ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ሦስት ምግብ አዝዞ መጀመርና ካነሰ አራተኛውን መጥራት ይቻላል። የዚህ አካሄድ ጥቅም ገንዘብ ከማዳን ያልፋል፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ተሠርቶ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ከላይ የተነገረው የጥጋብ መልእክት የሚጓዝበት ጊዜ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አራተኛው ምግብ ሳያስፈልግ ይቀራል። የሚያስፈልግ ከሆነም ያለ ቅሬታ ይታዘዝ፤ ያን ጊዜ የጠራው እውነተኛ ረኃብ ነው።

እንጀራ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም በምግብ ቤት ሳይታዘዝ የሚጨመር ብቸኛው ነገር እርሱ ነው። ትሪው ላይ ከተዘረጋው ሌላ ተጠቅልሎ በጎን የሚቀርብ እንጀራ አለ፤ እርሱ ሲያልቅ አስተናጋጁ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ እንጀራው ስለተረፈ ወጥ ይጨመራል፣ ወጡ ስለተረፈ ደግሞ እንጀራ ይጨመራል። ይህን ዑደት ለመቁረጥ ቀላሉ መንገድ ገና ሲታዘዝ «ጭማሪ ስንጠራ ብቻ ይምጣ» ብሎ ለአስተናጋጁ በትሕትና መንገር ነው። አስተናጋጁ አይከፋም፤ እንዲያውም የሚጣል እንጀራ ስለሚቀንስለት ምግብ ቤቱም ይጠቀማል።

«ኖርማል» እና «ስፔሻል» የሚለው የምግብ ዝርዝር ልዩነትም በዚህ ብርሃን መታየት ይገባዋል። ስፔሻል ፉል ወይም ስፔሻል ፍርፍር ከኖርማሉ የሚለየው በአብዛኛው በተጨመረለት ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ነው፤ እንቁላሉና ሥጋው ፕሮቲን የሚሰጡ በመሆናቸው ጥጋብን ያግዛሉ፤ ቅቤው ግን ሆድ ሳያውቀው የሚያልፍ ጉልበት ነው። ስለሆነም እንቁላል ያለው፣ ቅቤው የቀነሰ ተብሎ መታዘዝ ይቻላል። ጠዋት በብርድ የሚታዘዝ ቅቅል በአንጻሩ መረቁ ሆድን ስለሚሞላና ተጨማሪ ዘይት ስለማይፈልግ፣ ጮማው ካልበዛበት ከብዙ የተጠበሱ ቁርሶች የተሻለ ነው።

የጾም ምግብ በተፈጥሮው ቀላል ነው የሚለው ግምት ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55ቱን ቀን ቅቤ ባይገባም ዘይቱ ይገባል፤ የምስሩና የሽሮው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይትም ካሎሪው ከቅቤው ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ሲያዝዝ የሚያዝዘው በረኃቡ ልክ እንጂ በሚበላው ልክ አይደለም። ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚሻለው ምን እንደሚያዝዝ ጠዋት፣ ገና ሳይርበው ወስኖ መግባት ነው። የቅበላ ሰሞንና የፋሲካ ማግስት ከዚህ የባሱ ፈተናዎች ናቸው፤ ሆኖም በዓመት ጥቂት ቀናት የሚሆኑ በመሆናቸው ክብደትንና ጤናን የሚወስነው በእነርሱ የሚሆነው ሳይሆን በቀሩት ሳምንታት የሚሆነው ነው፤ በዓልን በጭንቀት ማክበርም አያስፈልግም።

መጠጥን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ከሚመክረው ይበልጣል። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ደግሞ ወደ 140 ካሎሪ ይጠጋል፤ ሦስት ቢራ ማለት ጥርስ ያልነካው አንድ ምሳ ማለት ነው። ውኃ አብሮ ማዘዝ ሁለቱንም ይቀንሳል።

የጋባዥ ክብርና ጉርሻ

ይህ ሁሉ ስሌት የሚያቆመው «በሞቴ» ሲባል ነው። ጋባዥ ትሪውን የሚያስሞላው ክብሩን ለመግለጽ በመሆኑ እንግዳው «ይበዛል» ቢል ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ጉርሻ ደግሞ ከመብል ይልቅ ፍቅር ስለሆነ መመለስ ነውር ነው። በዚህ ረገድ የውጭ አገር መጻሕፍት «እምቢ ማለትን ተማር» እያሉ የሚሰጡት ምክር ለሰሜን ሸዋ ማዕድ አይሆንም። ሊሠራ የሚችለው ከማዕዱ ሥርዓት ውስጥ የሚገኘው ነው። የተጎረሰ ሰው መልሶ ማጉረስ ስላለበት፣ እያጎረሰ የቆየ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነውና ያለ ማቋረጥ ከበላው ሰው ያነሰ ይበላል፤ ማንም ደግሞ እንዳልበላ አይቆጥርበትም። ትልቅ ሰው ባለበት ማዕድ ታላቁ እጁን ካነሣ በኋላ ሌሎቹ ቀስ ብለው ማቆማቸው የተለመደ በመሆኑም፣ ታላቁ ሰው ቀድሞ «ተመስገን» ቢል ለሁሉም መውጫ ይሰጣል። አያቶችና አባቶች በዚህ ጉዳይ ያላቸው ሥልጣን ከየትኛውም የጤና ባለሙያ ምክር ይበልጣል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ልጃቸው አብሯቸው ሲቀመጥ ሊጠቀሙበት ይገባል።

ጋባዥ የሆነ ሰው ደግሞ ክብሩን በብዛት ሳይሆን በዓይነት መግለጽ ይችላል። ስድስት ዓይነት ወጥ በጥቂት በጥቂቱ የቀረበበት በየዓይነቱ ሁለት ኪሎ ጥብስ ከተከመረበት ትሪ ይልቅ ለእንግዳ ያምራል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ሕዝቡ በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች እንዲበላና ጨው፣ ስኳርና ስብ እንዲቀንስ ስለሚመክር፣ የጋባዡ ምርጫ ከባህሉም ከመመሪያውም ጋር ይስማማል።

የሚተርፈው ምግብ የሚነሣበት ሰዓትም እጅ ወደ ትሪው ከመዘርጋቱ በፊት ነው። እህልን መጣል ኃጢአት ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ትሪው ላይ የተረፈ ሁሉ «ይጨረስ እንጂ» የሚል ግፊት ይፈጥራል፤ ከጋራ ትሪ ብዙ እጅ የገባበትን አስጠቅልሎ መሄድም ብዙዎች አይወዱትም። በመሆኑም ምግቡ ብዙ መሆኑ ገና ሲቀርብ ከታየ፣ እጅ ሳይነካው አንድ ጥግ በንጹሕ ማንኪያ ተነሥቶ እንዲታሸግ ማድረግ ይሻላል፤ ያ ምግብ ለቤት፣ ለዘበኛው ወይም ደጅ ለቆመ ለተቸገረ ሰው በክብር የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ከጠገበ ሰው እጅ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ ሲያዝዝ

በዚህ ምዕራፍ የተነገረው አንድ ነገር ለኢንሱሊን ተጠቃሚዎች በቀጥታ አይሠራም። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባ ሆርሞን ሲሆን፣ ከምግብ በፊት በመርፌ የሚወስደው ሰው የሚበላውን መጠን በድንገት ቢቀንስ ወይም ምግቡ ቢዘገይበት የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ነው፤ ሲብስም ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ምግብ ቤት ደግሞ የወጥ ቤቱ ፍጥነት በደንበኛው እጅ ያልሆነበት ቦታ ነው፤ ጥብስ በሥጋ ቤት ሰልፍ ምክንያት አርባ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መርፌውን በምን ሰዓት እንደሚወስድና መጠኑን እንዴት እንደሚያስተካክል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር፣ አብረውት ለሚበሉት ሰዎች ሕመሙን መንገር፣ ቶሎ የሚደርስ ምግብ አስቀድሞ ማዘዝና ለድንገቱ የሚሆን ስኳር ወይም ከረሜላ በኪሱ መያዝ አለበት። «ሦስት አዝዞ አራተኛውን መጠበቅ» የሚለው አካሄድም ለእርሱ የሚሆነው የእርሱ ድርሻ ከሦስቱ ውስጥ አስቀድሞ ተለይቶ ከፊቱ ሲቀመጥለት ነው።